ሻምፒዮኑ ክለብና ያልተተካው ሰው

በዚህ ጋዜጣ ገጾች ላይ አንባቢዎቻችን ዘወትር የሚያገኙት የቡናንና የቅባት እህልን ዋጋ፣ የመርከብ ኪራይንና የጉምሩክን ደንብ የሚመለከት ጽሑፍ ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ የእንግሊዝ አገር የእግር ኳስ ክለብ ለመጻፍ የተነሣነው ሁለት ምክንያት ስላለን ነው። አንደኛው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእንግሊዝን ሊግ ጨዋታ በቴሌቪዥን ለማየት ሒሳቡን በጥድፊያ የሚዘጋ ነጋዴ በከተማችን እየበዛ መሄዱን ስለምናውቅ ነው። ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት የዚህ ክለብ ታሪክ ከጨዋታነቱ ይልቅ የንግድ ታሪክ ሆኖ ስላገኘነው ነው፤ ይኸውም በጥቂት ዋጋ የተገዛ በብዙ ትርፍ ተሽጦ፣ ከሽያጩ በኋላ ግን መደርደሪያው ባዶውን የቀረበት ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ሌስተር በእንግሊዝ አገር መካከል የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ በቀድሞ ጊዜ ስሟ የታወቀው በእግር ኳስ ሳይሆን በሹራብ፣ በካልሲና በጫማ ፋብሪካዎቿ ነበር። የከተማይቱ ክለብ ሌስተር ሲቲ ይባላል። ይህን ክለብ በ2010 የገዙት ቪቻይ ስሪቫዳናፕራባ የሚባሉ የታይላንድ ነጋዴ ሲሆኑ፣ ሀብታቸውን ያፈሩት ኪንግ ፓወር በተባለው ኩባንያቸው አማካይነት በአውሮፕላን ጣቢያዎች ከቀረጥ ነፃ ዕቃ በመሸጥ ነው። የክለቡም ሜዳ በዚሁ ኩባንያ ስም እንዲጠራ ተደረገ። ስለዚህ የክለቡ የበላይ ባለቤት እንደ ብዙዎቹ አንባቢዎቻችን ባለ ሱቅ ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የሱቁ ስፋት ይለያይ እንጂ። እኒህ ሰው ኦክቶበር 27 ቀን 2018 ከጨዋታ በኋላ ከሜዳው የተነሣው ሄሊኮፕተራቸው ወድቆ፣ ከእርሳቸው ጋር ከነበሩት አራት ሰዎች ጭምር ሕይወታቸው ያለፈ መሆኑ ይታወሳል።

በ2015/16 የውድድር ዓመት መጀመሪያ ላይ የእንግሊዝ አገር የውርርድ ቤቶች፣ ሌስተር የሊጉን ዋንጫ ይወስዳል ብሎ 1 ፓውንድ ለሚያስይዝ ሰው 5,000 ፓውንድ ለመክፈል ተስማምተው ነበር። ይህም በሌላ አነጋገር ነገሩን ሊሆን የማይችል አድርገው ቆጥረውት ነበር ማለት ነው። ዓመቱ ሲፈጸም ግን ሌስተር በ81 ነጥብ አንደኛ ሆነ፤ ሁለተኛ የሆነውን አርሰናልን በ10 ነጥብ በለጠው፤ ከ38ቱ ጨዋታዎችም የተሸነፈው በ3ቱ ብቻ ነበር።

ነጋዴ የሆነ ሰው ይህን ወሬ በሰማ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ «ዕቃውን በስንት ገዛው?» የሚል ነው። መልሱም የሚያስደንቅ ነው። በዚያ ዓመት በሊጉ 24 ጎል ያገባው ጄሚ ቫርዲ በ2012 ፍሊትውድ ታውን ከተባለ ትንሽ ክለብ የተገዛው በ1 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ በተጫዋቾች ማኅበር የተመረጠው አልጄሪያዊው ሪያድ ማሕሬዝ በ2014 ከፈረንሳዩ ለ ሃቭር ክለብ የመጣው ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ እንኳ በማይሞላ ዋጋ ነው። ሦስተኛው የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ የሆነው ኤንጎሎ ካንቴ ሲሆን፣ በ2015 በጋ ከፈረንሳዩ ካን ክለብ 6 ሚሊዮን ፓውንድ በማይሞላ ገንዘብ ተገዛ። እነዚህን ሰዎች በየመንደሩ ሜዳ እየዞረ የመረጠው ስቲቭ ዋልሽ የተባለው የክለቡ የምልመላ ኀላፊ ነበር። እኛ በንግድ ቤታችን «ዕቃ ዐዋቂ» የምንለው ሰው ማለት ነው፤ ጨርቁን በጣቱ ዳስሶ ጥራቱን የሚናገር፣ ፋብሪካው ስም የሌለው ቢሆንም እንኳ የማይሳሳት።

ስለ ካንቴ ጥቂት በዝርዝር መናገር ያስፈልጋል። ይህ ሰው በፓሪስ ከተማ ከማሊ ከመጡ ወላጆች የተወለደ፣ ቁመቱ አጭር፣ ንግግሩም ቁጥብ የሆነ ተጫዋች ነው። ጎል አያበዛም፤ ተመልካችን ከመቀመጫው በሚያስነሣ ብልኀት ኳስ ሲያንቀረቅብም አይታይም። ሥራው በመሐል ሜዳ ቆሞ ከተቃራኒው ቡድን እግር ኳስን መንጠቅና ለባልንጀሮቹ ማቀበል ብቻ ነው። በዚያ የዋንጫ ዓመት 175 ጊዜ ኳስ ከባላጋራ እግር ነጥቋል፤ 156 ጊዜ ደግሞ ከባላጋራ ወደ ባላጋራ ስትሄድ መንገድ ላይ ጠልፏታል። በሁለቱም ከሊጉ ተጫዋቾች ሁሉ የሚተካከለው አልነበረም። በአንድ ሱቅ ውስጥ ደንበኛው የሚያየው በመስኮቱ ላይ የተደረደረውን ዕቃና ፊቱ ብሩህ የሆነውን ሻጭ ነው። ሱቁ ግን የሚቆመው ከኋላ በመጋዘኑ ውስጥ የገባውንና የወጣውን በሚቆጥረው ሰው ነው፤ እርሱ ሲኖር ማንም ስሙን አያነሣም፤ በሌለ ጊዜ ግን የጎደለው ከየት እንደ ጎደለ የሚናገር ይጠፋል። የካንቴም ሥራ እንደዚሁ ነበር።

ከዋንጫው በኋላ በ2016 በጋ ሁለት ነገሮች ሆኑ። ዕቃ ዐዋቂው ዋልሽ ክለቡን ለቅቆ ወደ ኤቨርተን ሄደ። ካንቴም በጁላይ ወር ከ30 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ በሆነ ዋጋ ለለንደኑ ቼልሲ ተሸጠ። ከዓመት በፊት ከተከፈለበት ዋጋ ከ5 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ቫርዲን ደግሞ አርሰናል ሊወስደው ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን እርሱ አልሄድም ብሎ ቀረ።

ብዙ ሰዎች በዚህ ሽያጭ ላይ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ተረት ሲጠቅሱ ሰምተናል። እኛ ግን ይህን ፍርድ ሙሉ በሙሉ አንቀበለውም። ተጫዋች እንደ ቦንዳ ጨርቅ ባለበት የሚቆይ ዕቃ አይደለም፤ ልቡ ከሸፈተ በግድ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ዋጋውም ነጋዴ የሆነ ሰው እንቢ የሚለው ዋጋ አልነበረም። ስሕተቱን የምንፈልገው በሽያጩ ሳይሆን ከሽያጩ በኋላ በተደረገው ግዢ ነው።

ክለቡ በዚያ በጋ የገዛውን እንመልከት። ከሞስኮው ሲ ኤስ ካ ናይጄሪያዊውን አጥቂ አሕመድ ሙሳን ከ16 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አውጥቶ ገዛ። ከፖርቱጋሉ ስፖርቲንግ ደግሞ አልጄሪያዊውን አጥቂ ኢስላም ስሊማኒን ለ30 ሚሊዮን በሚጠጋ ገንዘብ አመጣ፤ ይህም እስከዚያ ቀን ድረስ ክለቡ ለአንድ ሰው ካወጣው ገንዘብ ሁሉ የበለጠ ነበር። ለካንቴ ምትክ እንዲሆን የታሰበው ከኒስ ክለብ የመጣው ናምፓሊ ሜንዲ ሲሆን፣ የወጣበት ገንዘብ 13 ሚሊዮን ያህል ነው። ልብ ብሎ ለሚያይ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። የጎደለው በመሐል ሜዳ ሆኖ ሳለ ከገንዘቡ የሚበዛው የወጣው ለአጥቂዎች ነው፤ አጥቂ ደግሞ ክለቡ አላጣም ነበር። ስኳር ያለቀበት ባለ ሱቅ በስኳሩ ትርፍ ሽቶ ገዝቶ መደርደሪያውን ቢሞላ ሱቁ ያምር ይሆናል፤ ስኳር ፈልጎ የመጣው ደንበኛ ግን ወደ ጎረቤት መሄዱ አይቀርም።

ውድድሩ ኦገስት 13 ቀን 2016 ተከፈተ። ሻምፒዮኑ የሄደው ወደ ሃል ከተማ ነበር። ሃል ሲቲ በዚያ ሳምንት የነበረበት ሁኔታ የሚያሳዝን ነው፤ አሠልጣኙ በጁላይ ወር ሥራውን ለቅቆ በምትኩ ቋሚ ሰው አልተሾመም፤ ጤነኛ ሆነው ለጨዋታ የቀረቡለት ዋና ተጫዋቾችም 13 ብቻ ነበሩ። የተጫዋች እጥረት ያለበት ክለብ ቢጠየቅ ማንም ሰው የሚጠራው ሃልን እንጂ ሌስተርን አልነበረም። ውጤቱ ግን ሃል 2፣ ሌስተር 1 ሆነ። የሊጉ ባለ ዋንጫ የመክፈቻ ጨዋታውን ሲሸነፍ ከ1989 ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ከአርሰናል ጋር ያለ ጎል ተለያዩ። ነገር ግን በዚህ ጨዋታ ላይ ከነጥቡ የሚበልጥ ነገር ጠፋ፤ የካንቴ ምትክ ይሆናል የተባለው ሜንዲ ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ ከሜዳ ወጣ፤ ለወራትም ሳይመለስ ቀረ። የክለቡ የመግዣ ጊዜ ሊዘጋ የቀረው 11 ቀን ብቻ ነበር። በነዚያ ቀኖች ውስጥ የተገዛው ትልቁ ዕቃ ስሊማኒ መሆኑን ስናስታውስ፣ በኦገስት 31 ቀን፣ ማለት በመዝጊያው ዕለት፣ 30 ሚሊዮን የሚጠጋ ገንዘብ ለአጥቂ ሲከፈል የመሐሉ ክፍተት ለምን እንደ ተዘነጋ ዛሬም አይገባንም። በመሐል ሜዳው በአብዛኛው ይሰለፍ የነበረው ጋናዊው ዳንኤል አማርቲ ነው። ትጉህ ወጣት ነበር፤ ግን ተፈጥሮው ለተከላካይነት የሚስማማ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣውን በአጭሩ እንናገር። ሴፕቴምበር 10 ቀን በሊቨርፑል ሜዳ 4 ለ 1፣ ሴፕቴምበር 24 ቀን በማንቼስተር ዩናይትድ ሜዳ እንዲሁ 4 ለ 1 ተሸነፉ። በዚህም ክለቡ በስድስት ጨዋታ ብቻ ሦስት ጊዜ ተሸነፈ፤ ባለፈው ዓመት በ38 ጨዋታ የተሸነፈውን ያህል ማለት ነው። ኦክቶበር 15 ቀን ወደ ለንደን ሄደው ከቼልሲ ጋር ተጋጠሙ። በዚያ በኩል በመሐል ሜዳ ቆሞ የጠበቃቸው ካንቴ ነበር፤ ሌስተርም 3 ለ 0 ተሸነፈ። በስምንት ጨዋታ የተገኘው ነጥብ 8 ሲሆን፣ በዋንጫው ዓመት በዚሁ ጊዜ የነበረው 15 ነበር። ቫርዲ ከሴፕቴምበር 10 ቀን በኋላ እስከ ዲሴምበር 10 ቀን ድረስ አንድ ጎል ሳያገባ ሦስት ወር ቆየ። በዚያች በዲሴምበር 10 ቀን በማንቼስተር ሲቲ ላይ ሦስት ጎል አግብቶ ክለቡ 4 ለ 2 ሲያሸንፍ ሁሉም ሰው ክረምቱ ያለፈ መስሎት ነበር፤ ከሦስት ቀን በኋላ በቦርንማውዝ 1 ለ 0 ተሸነፉ።

ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ሰው መሄድ ላይ መጫን አግባብ አይደለም። በዋንጫው ዓመት ሌስተር ኳሱን ለባላጋራው ትቶ ወደ ኋላ በመቆየትና በድንገት በመሮጥ ያሸንፍ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን ባላጋራዎቹ ብልኀቱን ዐውቀው እነርሱም ወደ ኋላ ቆዩ፤ ቫርዲ የሚሮጥበት ስፍራ ጠፋ። በመከላከያው መሐል የሚቆሙት ዌስ ሞርጋንና ሮበርት ሁት ሁለቱም 32 ዓመት ሞልቷቸው ነበር። ባለፈው ዓመት አሠልጣኙ ክላውዲዮ ራኒየሪ በቡድኑ ሰልፍ ላይ ከሌሎች ክለቦች ሁሉ ያነሰ ለውጥ እያደረገ ዓመቱን ሊፈጽም የቻለው በሳምንቱ መካከል ብዙ ጨዋታ ስላልነበረ ነው። አሁን ግን የአውሮፓ ሻምፒዮኖች ውድድር መጣ፤ እነዚያው እግሮች በሳምንት ሁለት ጊዜ መሮጥ ነበረባቸው። በረኛው ካስፐር ሽማይክል ኖቬምበር 2 ቀን በኮፐንሃገን ከተማ በተደረገው ጨዋታ እጁ ተሰበረ። ሆኖም እነዚህን ምክንያቶች ሁሉ አንድ ላይ የሚያያይዛቸው ነገር አለ። ዕድሜው የገፋ ተከላካይ ፊት ለፊቱ ኳስ የሚነጥቅ ሰው ካለ እርጅናው አይታይም፤ ያ ሰው በጠፋ ጊዜ ግን ወጣት አጥቂ እየሮጠ ይደርስበታል። ሞርጋንና ሁት በአንድ በጋ አላረጁም። ጋሻቸው ነው የተወሰደባቸው።

የሚያስገርመው ይኸው ክለብ በአውሮፓ ውድድር እጅግ ጥሩ ሥራ መሥራቱ ነው። ክለብ ብሩዥን በሜዳው 3 ለ 0 አሸነፈ፤ ፖርቶንና ኮፐንሃገንን በየተራ 1 ለ 0 ረታ፤ በመጀመሪያዎቹ 4 ጨዋታዎች አንድም ጎል ሳይገባበት ቆይቶ ምድቡን በአንደኛነት ጨረሰ። በሜዳ ላይ የሚታየው እንዲህ ሲሆን፣ ወደ ሒሳብ መዝገቡ ስንመለስ ደግሞ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን። ክለቡ በሜይ 2017 በተፈጸመው የሒሳብ ዓመት ከግብር በፊት 92.5 ሚሊዮን ፓውንድ ትርፍ አስመዘገበ፤ ይህም በታሪኩ ታይቶ የማይታወቅ ነው። የአውሮፓው ውድድር ገንዘብ፣ አዲሱ የቴሌቪዥን ውልና የካንቴ ሽያጭ አንድ ላይ ገቡ። ስለዚህ ያን ዓመት በመዝገብ ብቻ ያነበበ ሰው ከዋንጫው ዓመት የተሻለ ነበር ብሎ ሊፈርድ ይችላል። ሜዳውን ያየ ሰው ግን ክለቡ ከዋናው ሊግ ለመውረድ አንድ ነጥብ ብቻ ቀርቶት እንደ ነበር ያስታውሳል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የዓመቱ ሒሳብ ትርፍ ያሳየበት ንግድ ቤት በሚቀጥለው ዓመት የሚሸጠው ዕቃ ያጣበትን ጊዜ ከእኛም መካከል የሚያስታውስ አይጠፋም።

ነገሩ እየከፋ ሄዶ ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ ሌስተር በስድስት የሊግ ጨዋታ አንድ ጎል እንኳ ሳያገባ ቀረ፤ ከነዚህም አምስቱን በተከታታይ ተሸነፈ። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2017 ራኒየሪ ከሥራው ተሰናበተ። ዋንጫውን ከወሰደ ዘጠኝ ወር ብቻ አልፎት ነበር። በዚህ ስንብት ብዙ ሰው ዐዘነ፤ እኛም ካዘኑት ውስጥ ነን። ይሁን እንጂ እውነቱን ለመናገር ረዳቱ የነበረው ክሬግ ሼክስፒር በተተካ ጊዜ ቡድኑ የመጀመሪያዎቹን 5 የሊግ ጨዋታዎች በተከታታይ አሸነፈ፤ በአውሮፓም ሲቪላን ጥሎ እስከ ሩብ ፍጻሜው ደረሰ። በዚህ መካከል የመሐሉን ክፍተት የሚሞላ ሰው ተገኝቶ ነበር። በጃንዋሪ ወር ከቤልጅጉ ጌንክ ክለብ ከ15 ሚሊዮን ፓውንድ ባላነሰ ዋጋ የተገዛው የ20 ዓመቱ ናይጄሪያዊ ዊልፍሬድ ንዲዲ ሲሆን፣ በሚቀጥለው የውድድር ዓመት በሊጉ ከሁሉም የበለጠ ኳስ የነጠቀው እርሱ ሆነ። እርግጥ ነው፣ እርሱ ከመጣም በኋላ ሽንፈቱ ወዲያው አልቆመም፤ አንድ ሰው በመገኘቱ ብቻ የታወከ ቤት በአንድ ቀን አይቃናም። ግን በኦገስት ሊገዛ ይችል የነበረው ዕቃ በጃንዋሪ መገዛቱ የግማሽ ዓመት ገበያ ማሳጣቱን ማንም አይክድም። ክለቡ ዓመቱን በ44 ነጥብ 12ኛ ሆኖ ጨረሰ። ባለፈው ዓመት 10ኛ የነበረው ቼልሲ ካንቴን ይዞ በ93 ነጥብ ዋንጫውን ወሰደ፤ ካንቴም የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው አንድ ጊዜ የሚደርስ ስሕተት ነው ብለን ልናልፈው በቻልን ነበር። ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት ነገሩ በሌላ መልክ ተደገመ፤ ለአስመጪዎቻችን ይበልጥ የሚስማማውም ይኸኛው ክፍል ነው።

በዋንጫው ዓመት ከካንቴ ጎን በመሐል ሜዳ ይጫወት የነበረው እንግሊዛዊው ዳኒ ድሪንክዎተር ነበር። በኦገስት 31 ቀን 2017፣ የመግዣና የመሸጫው ጊዜ በሚዘጋበት የመጨረሻ ዕለት፣ ቼልሲ እርሱንም በ35 ሚሊዮን ፓውንድ ወሰደው። (ይህ ግዢ ለገዢው የሚያወላዳ እንዳልሆነ በኋላ ታይቷል፤ ድሪንክዎተር በመጀመሪያው ዓመት በሊጉ 12 ጊዜ ብቻ ተሰለፈ። ጥንድ ሆኖ ዋጋ ያለው ዕቃ ሲነጠል ዋጋው የሚወርድበት ጊዜ አለ።) ሌስተር በዚያው ዕለት ምትኩን አዘጋጅቶ ነበር። ሰውየው ፖርቱጋላዊው አድሪየን ሲልቫ ሲሆን፣ ከስፖርቲንግ ክለብ የሚገዛው 22 ሚሊዮን ፓውንድ በሚያህል ዋጋ ነው። ሻጭና ገዢ ተስማሙ፤ ተጫዋቹም ፈረመ።

ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር የሚዛወር ተጫዋች ግን እንደ ማንኛውም ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሰነድ ያስፈልገዋል። ፊፋ የተባለው የዓለም እግር ኳስ ማኅበር በኮምፒውተር የሚሠራ የዝውውር መዝገብ አለው። ሻጩ ክለብና ገዢው ክለብ ስለ ተጫዋቹ፣ ስለ ዋጋውና ስለ ውሉ የሚመለከተውን ጽሑፍ ሁሉ በየበኩላቸው ወደዚህ መዝገብ ያስገባሉ። የሁለቱ ጽሑፍ ሲገጥም የዝውውር ወረቀቱ ከአንዱ አገር ማኅበር ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ያለዚህ ወረቀት ተጫዋቹ በአዲሱ ክለብ ስም ሊሰለፍ አይችልም። ይህ ሁሉ መፈጸም ያለበት በሩ ከመዘጋቱ በፊት ነው። የሌስተር ሰነድ መዝገቡ ውስጥ የገባው ሰዓቱ ካለፈ ከ14 ሰከንድ በኋላ ነበር።

አንባቢው ቁጥሩን በትክክል አንብቧል፤ 14 ደቂቃ ሳይሆን 14 ሰከንድ ነው። ክለቡ ይግባኝ ቢልም ፊፋ ደንቡ አይጣስም ብሎ መለሰለት። እንግዲህ ሲልቫ ከስፖርቲንግ ወጥቷል፤ ለሌስተርም ፈርሟል፤ ሊጫወት ግን አይችልም። የሚቀጥለው የዝውውር በር እስኪከፈት ድረስ አራት ወር ሙሉ ልምምድ እየሠራ መጠበቅ ግድ ሆነበት። ዕቃው ጂቡቲ ወደብ ደርሶ ሰነዱ ከባንክ ያልወጣለት አስመጪ ይህን ሁኔታ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ዕቃው የራስ ነው፤ በዓይን ይታያል፤ ገበያው በሌላ በኩል ይጮኻል፤ ሊነካ ግን አይቻልም። የወደብ ኪራይ በየቀኑ ይቆጠራል።

ስለ 14ቱ ሰከንድ በጋዜጦች ብዙ ተሣለቀባቸው። በኛ አስተያየት ግን መሣለቂያ የሚሆነው ሰከንዱ አይደለም። ሰነድ ጽፎ ያስገባው ጸሐፊ ሳይሆን ተጠያቂው፣ ድርድሩ እስከ መጨረሻዋ ሌሊት እንዲቆይ ያደረገው አሠራር ነው። ድሪንክዎተር እንደሚሄድ በጋውን ሙሉ ሲወራ የቆየ ነገር ነበር፤ የዝውውር በሩም በየትኛው ቀን እንደሚዘጋ ከወራት በፊት የታወቀ ነው። አንድ ክለብ ባለፈው ዓመት በዚሁ ወር በዚሁ የሜዳ ክፍል ሰው አጥቶ ዓመቱን ሙሉ ከተቸገረ በኋላ ምትኩን ከሽያጩ በፊት ሳይዝ መገኘቱ ነው የሚያስቆጨው። ድርድሩ አንድ ቀን ቀድሞ አልቆ ቢሆን ኖሮ ያ ጸሐፊ ሥራውን በእርጋታ ፈጽሞ ማልዶ በተኛ ነበር።

የ2017/18 መክፈቻ ከዚህ ቀደም ሲል ኦገስት 11 ቀን በአርሰናል ሜዳ ሆኖ ነበር። ሌስተር ጨዋታው ሊያልቅ ሰባት ደቂቃ ያህል እስኪቀረው ድረስ 3 ለ 2 እየመራ ቆይቶ 4 ለ 3 ተሸነፈ። ብራይተንን 2 ለ 0 አሸነፈ፤ በማንቼስተር ዩናይትድ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ሴፕቴምበር 9 ቀን ቼልሲ ወደ ሌስተር መጥቶ 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ከሁለቱ ጎሎች አንዱን ያገባው ያ ጎል የማያበዛው ካንቴ ነበር። ሃደርስፊልድ፣ ቦርንማውዝና ዌስት ብሮም በእኩልነት ተለያዩ፤ ሊቨርፑል አሸነፈ። በስምንት ጨዋታ 6 ነጥብ ብቻ ተገኝቶ ክለቡ 18ኛ ላይ በቆመ ጊዜ፣ በጁን ወር ቋሚ ሹመት ያገኘው ሼክስፒር ኦክቶበር 17 ቀን ተሰናበተ። ከስምንቱ ጨዋታዎች አራቱ ከታላላቆቹ ክለቦች ጋር መሆናቸውንና የመሐል ሜዳ ተጫዋቹ ወረቀት አጥቶ ከአጥር ውጭ ቆሞ እንደ ነበር ስናስብ ፍርዱ የቸኮለ ሆኖ ይታየናል። ክሎድ ፑኤል የተባለው ፈረንሳዊ አሠልጣኝ ተተክቶ ክለቡ ዓመቱን በ9ኛነት ፈጸመ።

ክለቡ ግዢ አያውቅም ብለን እንዳንደመድም የሚከለክለን አንድ ነገር አለ። በዚያው በ2017 በጋ፣ ገና በጁን ወር፣ ማንም ሳይቸኩልና ሳይሻማ ከወረደው ከሃል ሲቲ ሃሪ ማጓየር የተባለውን ተከላካይ 12 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ ገዝቷል። ይህ ሰው ሁለት ዓመት ካገለገለ በኋላ በኦገስት 2019 ለማንቼስተር ዩናይትድ በ80 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ፤ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ለአንድ ተከላካይ ከተከፈለው ገንዘብ ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ያ ክለብ በጁን ሲገዛና በኦገስት 31 ሌሊት ሲገዛ ሁለት የተለያዩ ነጋዴዎች የያዙት ይመስል ነበር።

አድሪየን ሲልቫ ወረቀቱን ያገኘው ጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ነው። በዚያው ዕለት ሌስተር በሜዳው ከሃደርስፊልድ ጋር ሲጫወት ተቀያሪ ሆኖ ገባ፤ ክለቡም 3 ለ 0 አሸነፈ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ አሠልጣኙ ተለውጦ፣ ንዲዲም ስፍራውን አደላድሎ ይዞ ነበር። ሲልቫ ከዓመት በኋላ በውሰት ወደ ሞናኮ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያም ለሌስተር ተመልሶ አልተሰለፈም።